ሞርቪዝ ያጠበቻቸው ባልዲዎች

ፔንሎን፣ ዌልስ
ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

የምወድሽ ልጄ ኤሉነድ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እዚያ ኒውዚላንድ ሙቀቱ እየገባላችሁ ይሆናል፤ እዚህ ዝናቡ አንዴ ከመጣ ወዲያ መሄጃ አጥቷል። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልሽ ፈልጌ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም ልጄ። ጨንቆኛል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

ለምን አልደወልክም ትዪኝ ይሆናል። የቤቱ ስልክ ያለው ኩሽና ውስጥ ነው፤ ሳወራ እናትሽ አጠገቤ ቆማ አፍ አፌን እያየች ታዳምጣለች። ሞባይሉ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፤ እሷን ብቻዋን ትቼ ኮረብታ መውጣት ደግሞ አሁን የማይታሰብ ነው። በዚያ ላይ ያን ቀን ስልኩን ጆሮሽ ላይ ከዘጋሁት ወዲህ ድምፅሽን ለመስማት አፍሬያለሁ። «አባዬ፣ እማዬ ከፈረሶቹ ጋር ብቻዋን መሆን የለባትም» ነበር ያልሽኝ፤ ቀጥለሽም የካርማርተንን የአረጋውያን ቤት አነሣሽብኝ። ልክ እንደነበርሽ ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ግቢያችን ውስጥ በሽታ ገብቷል። ያ የፈረስ ጉሮሮ የሚያንቀው ነው፤ ልጅ ሳለሽ በወንዙ ማዶ ገብቶ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እንኳ ጫማሽን እያጠብን የሰደድንሽ በሽታ። አገጫቸው ሥር ያብጣል፣ እብጠቱ ይፈነዳል፣ አፍንጫቸው መግል ያወርዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በውሃ፣ በባልዲ፣ በእጅና በልብስ ነው። በሩን ዘግተናል፤ የሚገባም የሚወጣም ፈረስ የለም። ፈረሳቸውን በኪራይ እኛ ጋ የሚያቆሙት ባለፈረሶች በየጠዋቱ ጫማቸውን መድኃኒት ውስጥ ነክረው ይገባሉ፣ የየራሳቸውን አብልተውና ጠርገው ይወጣሉ። እንደ ድሮው ሻይ ይዞ አጥር ተደግፎ ማውራት ቀርቷል።

አመጣጡን ልንገርሽ። ሮዛሊንድን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች እንግሊዛዊት ናት፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ስታወራ እኛን ሁላችንን ተሰልፈን የቆምን ተማሪዎች ታስመስለናለች፤ ክፉ ሰው ግን አይደለችም። ከጨረታ አንድ ወጣት ፈረስ ገዝታ መጣች፣ መጀመሪያ ያሳለው እሱ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ናሙና ወሰደችና ውጤቱ ሲታወቅ ግቢውን ለሦስት ከፈለችው። የታመሙት በላይኛው ጋጣ ሆኑ፣ ቀይ ባልዲ። ከታመሙት ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ የተነካኩት መሃል ሆኑ፣ ሰማያዊ ባልዲ። ንጹሖቹ ከታች፣ ነጭ ባልዲ። ለየቀለሙ የራሱ መንሽ፣ የራሱ መጥረጊያና የራሱ የእጅ ጋሪ ተደረገለት። «አንድ ባልዲ ቦታውን ከሳተ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው» አለችን። ያንቺ ባዝራ ኤይሪን ከንጹሖቹ ጋር ነበረች፤ የዊንፎርድ ፈረስ ካፒቴንም ጎረቤቷ ነበር።

እናትሽ ያን ሰሞን ፊቷ በራ። ሰው ሁሉ ሲያጥብ፣ ሲጠርግ፣ ስለ ንጽሕና ሲያወራ ስታይ ዕድሜ ልኳን ስትመኘው የኖረችው ቀን የመጣላት መሰላት። ታውቂያታለሽ፤ የፋንድያውን ክምር እንኳ አራት ማዕዘን አድርጋ የምታቆም፣ ጎኑን በመንሽ ጀርባ እየመታች ደረጃ የምታወጣለት ሴት ናት። ሰው ፈረሱን ለኛ አደራ ለመስጠት ሲመጣ በመጀመሪያ የምታሳየው ጋጣውን ሳይሆን ክምሩን ነበር። ሲመሽ ደግሞ ግቢውን ከላይ ጀምራ ወደ ኋላ እየተራመደች ትጠርግና በሩ ጋ ስትደርስ መጥረጊያውን ጭራውን ወደ ላይ አድርጋ ታቆመዋለች። ከዚያ በኋላ ንጉሥም ቢመጣ አይረግጥም።

አሁን ስምሽ የሚጠፋባት ቀን አለ ልጄ። እኔንም አንዳንዴ «ጌታዬ፣ የርስዎ ፈረስ የቱ ነው?» ትለኛለች። እኔም ፈረስ እንደሌለኝ እነግራታለሁ፣ «ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ብላ ትቆጣኛለች። መጥረጊያው እጇ ሲገባ ግን ያቺው ሞርቪዝ ናት፤ ወገቧ ይቃናል፣ ዓይኗ ስንጥር ገለባ ከሩቅ ይለያል። ለዚህ ነው ሳልነጥቃት የኖርኩት። ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ዊንፎርድን መቼም አልረሳሽውም፤ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረው፣ በሄደበት ሁሉ ድርቆሽ የሚያንጠባጥበው። መንሹን የጣለበትን አያውቅም፣ ባልዲው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ ካፖርቱን ከጉራቻው ካፒቴን ጋር የሚዋዋሰው ነው የሚመስለው። እሱና እናትሽ ሲጨቃጨቁ ነው ያረጁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ድርቆሹን የምታበላው ለፈረስህ ነው ወይስ ለግቢዬ?» ትለዋለች።

«ለሁለቱም አለቃ። ግቢሽም ከስቷል።»

«አውቶቡሱንም እንዲህ ነበር የምትነዳው? ሰው እያንጠባጠብክ?»

«የተንጠባጠበ ተሳፋሪ መጥቶ ከሶኝ አያውቅም።»

«ውጣልኝ! አንተንም ጠርጌ ክምሩ ላይ ሳልጨምርህ!»

እሱም እየሳቀ ይወጣል፣ እሷም እያጉረመረመች ትጠርጋለች። ይህ አሁንም አልቀረም። እኔን ረስታ እሱን የምትሰድብበት ቀን አለና አንዳንዴ ቅናት ቢጤ ይይዘኛል።

ስለ ኤይሪን እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ሳስብ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት። ሞታለች ልጄ። ከንጹሖቹ መጀመሪያ የታመመችው እሷ ናት። የሌሎቹ እብጠት ወደ ውጭ ሲፈነዳ የእሷ ወደ ውስጥ ሆነ፣ አየር አጠራት። ሐኪሟ ጉሮሮዋን ቀድዳ ቱቦ አስገባችላት፤ ትንሽ ተነፈሰች፣ ጆሮዋንም አቃንታ ነበር። አሮጊት ነበረች፣ አልቻለችውም። እስከ መጨረሻው ራሷን ታቅፌ ነበር፣ ብቻዋን አልሞተችም። ከጋማዋ ቆርጬ አስቀምጬልሻለሁ። አፍሳሯንም ልልክልሽ ነበር፣ በሽታው ስላለበት አቃጠልነው። ይቅር በይኝ፤ አንቺ አደራ ያልሽኝ አንድ እሷን ነበር።

እናትሽ ጋጣዋን አጥባ አዲስ ገለባ አነጠፈችላት። አሁን በየጠዋቱ በሩን ትከፍትና «ይቺን ዳማ ባዝራ ማነው ያወጣት? ኤሉነድ ስትመጣ ምን ልንላት ነው?» ትላለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ስምሽ አይጠፋትም።

ከኤይሪን በኋላ ካፒቴን ታመመ፣ ከእሱም ቀጥሎ ሌሎች። የእሱ ወደ ውጭ ፈንድቶለት ተርፏል። ሐኪሟ ግራ ገባት፤ «ከቀዩ ወደ ነጩ የሚያሻግር ሰው አለ» ብላን ሄደች። ከዚያ ወዲህ ባለፈረሶቹ ሁሉ እርስ በርስ መተያየት፣ ቀጥሎም ሁሉም ዊንፎርድን ማየት ጀመሩ።

ሮዛሊንድ ኩሽናችን በር ላይ መጥታ ቆመች። ጫማዋ ስለረጠበ አልገባም አለች።

«ጌቲን፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። ደግነትዎ ግን ፈረሶቹን እየጨረሰ ነው» አለችኝ። «የዚያን ሰውዬ ጋጣ አይተውታል? መንሹ መሬት ላይ፣ ባልዲው መንገድ ላይ! እንዲህ ያለ ሰው ቀይና ነጭ ይለያል?»

«ዊንፎርድ ዝርክርክ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም» አልኳት።

«ሁላችንም ተነጋግረናል። እሑድ መኖ ቤት እንሰብሰብና ይለይለት። ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ መውጣት ሲፈቀድልን እኛ እንወጣለን።»

እናትሽ ከኋላዬ ሆና «ልክ ናት፣ ያ ቆሻሻ ይውጣ!» አለች። ሮዛሊንድም «ሞርቪዝ እንኳ ታውቀዋለች» ብላ ሄደች።

አሁን ዋናውን ልጻፍልሽ። በዚሁ ሳምንት ምሳ በልቼ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ እናትሽ የለችም። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበርና ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ሰው ሁሉ ሄዷል፣ ፈረሶቹ ድርቆሻቸውን ያኝካሉ። እሷ ቧንቧው ጋ ናት። ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ነጩን ባልዲ በሙሉ ሰብስባ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ በአንድ ውሃና በአንድ ስፖንጅ ታጥባለች። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ታንጎራጉራለች። በስፖንጁ የእያንዳንዱን ከንፈር ዞር ዞር እያደረገች፣ ፈረስ አፉን የሚያሳርፍበትን ማለት ነው፣ በደንብ ትፈትጋለች። ከዚያ በሽርጧ አደረቀቻቸውና በየጋጣው በር ላይ ደረደረቻቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ እንደገና ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ከላይ እስከ ታች። አንድም አልተዛነፈም። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ግቢ አላየሁም።

«ሞርቪዝ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«አያዩም እንዴ ጌታዬ? ቀዩን ሁሉ ባንድ በኩል ከምረውት! እንዴት ለዓይን ያስጠላል። በየቀኑ አስተካክላለሁ፣ በየቀኑ መልሰው ያበላሹብኛል።»

በየቀኑ ነው ያለችኝ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም መጥታ «ደህና ነዎት? ውሃ ላምጣልዎ?» አለችኝ፤ አንዱን ባልዲ ይዛ ነበር።

ባልዲዎቹን በሙሉ መድኃኒት ውስጥ ነክሬ፣ ስፖንጁን አቃጥዬ፣ ሁሉንም ወደየቦታው መለስኩ። በማግስቱ ወደ ፈረሶቹ ስወጣ በሩን ቆለፍኩባት። መስኮቱንና በሩን ስትደበድብ ከላይኛው ጋጣ ይሰማኝ ነበር፤ «ሥራ አለብኝ! ፈረሶቹ! ክፈቱልኝ!» ትላለች። ከፍቼ ስገባ እጆቿ በልዘው አገኘኋቸው። መጥረጊያውን ሰጠኋትና ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ ለምን እንደምናለቅስ አላወቀችም። አሁን ከጎኗ አልለይም። ስትጠርግ አብሬያት እጠርጋለሁ፣ ሽንት ቤት ስትገባ በር ላይ እቆማለሁ። ባልዲ አላስነካትም። ግን ስንት ቀን ነው የምችለው? ዛሬ ጠዋት ቆሜ እንደ ፈረስ አንቀላፍቻለሁ።

የገባሁበትን አየሽልኝ? ነገ እሑድ ነው። ዝም ካልኩ ዊንፎርድ ባልሠራው ይባረራል። ከተናገርኩ ደግሞ እናትሽ ግቢው ውስጥ ድርሽ እንዳትል ይላሉ፤ ቢሉም አልፈርድባቸውም፣ ፈረሳቸው ነው። የቤታችን በር የሚከፈተው ግቢው ላይ ነው። ከግቢው ወጣች ማለት ከቤቷ ወጣች ማለት ነው። የት ልወስዳት ነው? ካርማርተን ያለው የአረጋውያን ቤት ያ ያንቺና የኔ ጠብ መነሻ አልነበረም እንዴ?

ትናንት እናትሽ ራቅ ብላ ስትጠርግ ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል ወደ ዊንፎርድ ሄድኩ። ካፒቴንን ቁስሉን እያጠበለት ነበር።

«ዊንፎርድ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት።

«አትንገረኝ» አለኝ ቀና ሳይል።

«ስለ ባልዲዎቹ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አትንገረኝ አልኩህ እኮ። ስትደረድራቸው አይቻታለሁ። ማታ ካፒቴንን ለማየት ስመጣ እየዞርኩ ወደ ቦታቸው እመልሳቸው ነበር። በአንድ ውሃ እንደምታጥባቸው ግን አላወቅኩም፤ ባውቅ ኖሮ...» አልጨረሰውም። የካፒቴንን አንገት እያየ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ልታደርግ ነበር?»

እሱም ጨርቁን ጨምቆ አንጠለጠለውና እንዲህ አለኝ፤ «ስማኝ ጌቲን። ትሬጋሮን ያለችው የአክስቴ ልጅ ሜዳ አላት። በሽታው ሲያልፍ ካፒቴንን ይዤ እሄዳለሁ። እኔ ነኝ ይበሉ። ቆሻሻ ነው ቢሉኝ አዲስ ወሬ ነው? እናቴም ትለኝ ነበር።»

«እንዴት እንዲህ ትላለህ?»

«ድርቆሹ አሁንም ዝም ብሎ የሚፈስብኝ ይመስልሃል?» አለኝ። «ድሮ አዎ፣ ይፈስብኝ ነበር። ከታመመች ወዲህ ግን ሆን ብዬ ነው። የምትጠርገው ካጣች ምን ትሆናለች ብዬ።»

ኤሉነድ፣ ጸያፍ ነገር ልንገርሽ። እሺ ልለው ነበር። ከአፌ የመለሰው የካፒቴን ሳል ነው እንጂ ልለው ነበር። አሁንም፣ ይህን ስጽፍልሽ፣ እሺ የማለቱ ሐሳብ ከውስጤ አልወጣም። ዊንፎርድ ሌላ ሜዳ ያገኛል፣ ሞርቪዝ ግን ሌላ ቤት የላትም እያልኩ ራሴን ሳባብል ነው የዋልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ልጄ፤ እውነት አላውቅም።

መጥረጊያዋን እየፈለገች ነው። እዚህ ላይ ላቁመው።


ሰኞ ጠዋት

ደብዳቤውን ሳልልከው ቀረሁ፤ ደግም ሆነ፣ ቀሪውንም አብሬ እልክልሻለሁ።

ትናንት ሁሉም መጡ። መኖ ቤት ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሮዛሊንድ ሻይ በፔርሙስ ይዛ መጥታለች፣ ብስኩትም ነበር። እናትሽን ብቻዋን መተው ስለማልችል አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ ብስኩቷን ይዛ ጸጥ አለች። ዊንፎርድ በሩ ጋ ቆመ። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጃኬት ለብሶ ነበር፤ እንደዚያ ሆኖ ያየሁት በሚስቱ ቀብር ቀን ብቻ ነው።

ሮዛሊንድ ተናገረች። በማስተዋል ነው የተናገረችው፣ አልሰደበችውም። ስትጨርስ ዊንፎርድ ኮፍያውን አወለቀና «እንግዲህ ምን እላለሁ፣ ጥፋቱ...» ብሎ ጀመረ።

ተነሣሁ። «ዊንፎርድ፣ ዝም በል» አልኩት። ሁሉም ያዩኛል። «እሱ አይደለም» አልኩ። «አንዲት ሴት ናት። የታመመውንም የደህናውንም ባልዲ ሰብስባ በአንድ ውሃ ታጥባለች፣ በአንድ ስፖንጅ። ከዚያ ቀለሙን እያፈራረቀች በየበሩ ትደረድረዋለች። በዓይኔ አይቻለሁ። ኤይሪን የሞተችው፣ ፈረሶቻችሁም የታመሙት በዚህ ነው።»

ስሟን ልጠራ ነበር፣ አቃተኝ። እጄን ብቻ በእናትሽ ትከሻ ላይ አሳረፍኩ። ሮዛሊንድ ገባት መሰለኝ፣ አፏን በእጇ ያዘች።

እናትሽ ግን ብስኩቷን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና ተነሣች።

«በአንድ ውሃ?» አለች።

ድምፁ የዱሮው ነበር። ባለፈረስ ሁሉ ሲሰማው ቆሻሻ ቡትሱን የሚያይበት፣ ያ ድምፅ።

«አዎ» አልኳት።

«የታመመ ፈረስ ባልዲ ከደህናው ጋር በአንድ ውሃ? በእኔ ግቢ?»

«አዎ ሞርቪዝ።»

«ማን ናት?»

ዊንፎርድ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እሷም ሁሉንም ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «ስማኝ ጌቲን» አለችኝ። ስሜን ከጠራችኝ ሰንብታ ነበር። «የማንም ሚስት ትሁን፣ የማንም እናት ትሁን ግድ የለኝም። አሳዝናህም ይሆናል፣ አውቅሃለሁ፣ ሆድህ ቶሎ ይባባል። ግን ሰው ፈረሱን አደራ ብሎ ሰጥቶናል። ይቺ ሴት ከዚህ ግቢ ትውጣ። ታስወጣታለህ?»

«አስወጣታለሁ» አልኳት።

«ማልልኝ።»

ማልኩላት ልጄ። በአንቺ ስም ማልኩላት፣ ሌላ የምምልበት አልመጣልኝም። እሷም «ጎበዝ» ብላ ተቀመጠችና ብስኩቷን በላች።

ከዚያ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ሮዛሊንድ እያለቀሰች እጄን ያዘችኝ፤ «አላወቅኩም ጌቲን፣ ምንም አላወቅኩም» አለችኝ። ከዊንፎርድም ጋር ሄዳ ተነጋገረች። እሱም ካፒቴንም የትም አይሄዱም። ይህን በመስማትሽ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ካርማርተን ደወልኩ። ሐሙስ ይቀበሏታል። ለሁለት ሳምንት ነው፣ እስኪ ለማየት ያህል ብለውኛል፤ እኔም ለእሷ እንደዚያው እነግራታለሁ። ሻንጣዋን አዘጋጅቻለሁ። ሹራቦቿን፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን፣ ያንቺን ፎቶ ከተትኩ። የበጋ ልብሶቿንም ጨምሬአለሁ፤ ቤቱ ሞቃት ነው ስላሉኝ ነው። መጥረጊያዋን ይዛ ትምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ሰው ያደናቅፋል አሉኝ።

አሁን በመስኮቱ እያየኋት ነው የምጽፍልሽ። ዊንፎርድ ከግቢው ውጭ፣ በቤታችን ጀርባ ባለው መንገድ ላይ አንድ እስር ንጹሕ ድርቆሽ በትኖላት ሄደ። ፈረስ የማያልፍበት ቦታ ነውና ማንንም አይጎዳም። ካጎነበሰችበት ቀና ብላ «አንተ ቆሻሻ! እኔ ባልኖር ይህ ቤት ምን ይሆን ነበር?» ስትል ተሰማኝ። እሱም ከርቀት «እንጃ አለቃ!» አላት። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ሄደ። እሷም ከላይ ጀምራ ወደ ኋላ እየተራመደች እየጠረገች ነው።

አንቺ አትምጪ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራሽንም አውቃለሁ፤ አሁን እዚያ ላሞቹ በብዛት የሚታለቡበት ጊዜ ነው። ስለ እኔ አታስቢ፣ ሮዛሊንድ ሾርባ ታመጣልኛለች።

የምታድሪበት ቤት ሙቅ ይሁንልሽ። የምትጠብቂያቸው እንስሳት ጤና ይሁኑልሽ። እናትሽ ያስተማረችሽ እጅ አይዛልብሽ፣ ያፈራሽው ወዳጅ አይራቅሽ፤ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

ብቻ ስትችዪ ደውይልኝ። የኩሽናው ስልክ እንደ ድሮው ነው። ከሐሙስ በኋላ ደግሞ እንደ ልብ ማውራት እንችላለን፤ አጠገቤ ቆሞ የሚሰማ የለም።

አባትሽ
ጌቲን